በከሰል የተቀዳ ቤት

መስከረም 18

ይድረስ ከግድግዳ ለማትላቀቂው ሸረሪቷ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ምላሷን ግን ምንም አላመማትም። ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ ሳይሆን ያዘዝሽኝን ሁሉ እስክጨርስ ጊዜ ስለወሰደብኝ ነው። ስልክ እየደወልሽም አትነጫነጪብኝ። እማዬ አጠገቤ ሆና እያንዳንዷን ቃል ስለምትሰማ የሆድ የሆዱን መነጋገር አይቻልም። እንዲህ ከወረቀቶቹ ጋር ጠቅልዬ ብልክልሽ ይሻላል።

የጠየቅሽውን ቀድቻለሁ። የላይኛው ሳሎን ኮርኒስ ዙሪያ ያለውን የወይን ቅጠል፣ የደረጃውን መደገፊያ ራስ፣ የትልቁን መስኮት መቃን። ወረቀቱን ጌጡ ላይ ወጥሬ በከሰል ሳሸው የሰፈሩ ሰው በመስኮት እያየ፣ «አናጺነቱን ትተህ ለቤቱ ወጌሻ ሆንክለት?» ይለኛል። ምን ልበላቸው? «እህቴ ከተማ ተቀምጣ ግድግዳ ናፈቀኝ ብላ ነው» ብዬ ዝም አሰኘኋቸው።

የሚመርጥልሽ ግን እኔ አይደለሁም፣ እማዬ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ቤቱን በእጇ ነው የምታውቀው። ከአልጋዋ እስከ ማድቤት፣ ከማድቤት እስከ ደጃፍ ጌጡን እየዳሰሰች ስትሄድ አንድ ቀን ተደናቅፋ አታውቅም። የትኛው ቅጠል ጫፉ እንደተሸረፈ ታውቃለች። «ይሄንን ቅዳላት፣ ይሄ ያምራል» ትለኛለች።

የላክሽውን የሥዕል ፎቶ እያየሁ ነገርኳት። እውነቱን ልንገርሽ? ደረጃችንን ፈልጌ አጣሁት። አንድ ቡናማ መስመር በጀርባው ተኝቷል፣ ጎኑ ላይ ግማሽ ክብ አለ፣ ከዚያ ሮዝ ነገር ፈሷል። «ሰው አለበት?» አለችኝ። የለበትም አልኳት። «ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?» ብላ ሳቀችብሽ።

ስለ ቤቱ ላልሽው፣ እማዬ ስታገለግላቸው የኖረችው የሟች እመቤቷ ልጆች እስካሁን ብቅ አላሉም። እማዬ፣ «እመቤቴ እስክትሞቺ ኑሪበት ብለውኛል፣ ቃላቸው አለ» እያለች ነው። እኔ ቃል የሚታይ ነገር ስላልሆነ እፈራለሁ፤ እሷን ግን አላስጨንቃትም። አሁን ዓይኗ ደከመ እንጂ አልታወረችም። ከዚህ ቤት የወጣች ቀን ነው የምትታወረው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 9

ውድ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ነህ? የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። በክረምቱ እመጣለሁ ብዬ ስለቀረሁ አትቀየመኝ። ልመጣ ሻንጣ ሳዘጋጅ የሥዕል ማሳያ አዳራሹ ሰዎች የትርኢቴን ቀን አቀረቡብኝ።

ደረጃውን ፈልጌ አጣሁት ስላልከው በሳቅ ልሞት ነበር። ደረጃ ብፈልግማ ፎቶ አነሳው ነበር። እኔ የምፈልገው ስንት ሰው መደገፊያውን ይዞ ሲወጣና ሲወርድ በእጁ ያበራውን ቡናማ ነው። ቅስቱን ከመሀል ቆርጬ በጎኑ ሳስተኛው ቅስትነቱን ይረሳና ክብደት ብቻ ይሆናል። ሮዙ ደግሞ ከላይኛው ሳሎን ነው፤ አረንጓዴው ቀለም ሲላጥ ከሥሩ የወጣው። ትዝ ይልሃል፣ በጥፍራችን እየፋቅነው እማዬ ስትገርፈን? ያን ሮዝ ለማግኘት ስንት ቀለም ደባልቄ ስንቱን ደፋሁ መሰለህ። ረቂቅ ሥዕል ሲባል ሰዎች ዝም ብሎ የፈሰሰ ይመስላቸዋል። የኔ ግን አንድ መስመር እንኳን ከዚያ ቤት ያልመጣ የለበትም።

በስልክ ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ትርኢቱ ላይ ሰው መጣ። ብዙ ሰው መጣ። አንድ ባለ ሆቴል ከእማዬ ክፍል ኮርኒስ የወሰድኩት ትልቁ ሸራ ፊት ቆሞ ጓደኞቹ ሲጠሩት እንኳን አልሰማም። የት እንደተቀዳም ጠየቀኝ። ሰው መቼም መጠየቅ ይወዳል።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከእማዬ አልጋ ጀርባ ያለውን የጽጌረዳ ጌጥ ቅዳልኝ፣ እሱን በደንብ አላስታውሰውም። ሌላም አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሰዎች ቤቱን ለማየት ይመጣሉ። የሥራዬ አድናቂዎች ናቸው። በሩን ክፈትላቸው፣ ላይኛውንም አሳያቸው። ለእማዬ «የልጅሽ እንግዶች ናቸው» በላት፣ ይበቃታል።

ሸረሪትህ


ኅዳር 2

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላም ነሽ ወይ? አዎ፣ መጡ። በሩንም ከፈትኩላቸው፣ አንቺ ብለሽኛላ። እማዬ የልጄ እንግዶች ብላ ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም። እኔ አድናቂ ማለት ቆሞ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ሜትር ይዘው ነው የመጡት። አንዱ ይዘረጋል፣ አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሦስተኛው ግድግዳውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ እንደ ሐኪም ጆሮውን ያስጠጋል። እኔ አናጺ ነኝ እህቴ። የሚያደንቅ ሰው አይለካም። የሚለካ ሰው ወይ ሊያፈርስ ነው ወይ ሊገባ ነው።

የእማዬን ክፍል ደጋግመው ለኩት። «ይሄ አልጋ ከዚህ ይነሳል አይደል?» አለኝ ሜትር የያዘው። «ባለቤቷ ስትነሳ ይነሳል» አልኩት። አልሳቀም።

የጽጌረዳውን ጌጥ ልኬልሻለሁ። አልጋውን ስጎትተው እማዬ ደስ አላላትም። «ቶሎ መልሰው» አለችኝ፤ «ከእንቅልፌ ስነሳ የት እንዳለሁ የሚነግረኝ እሱ ነው።» ወረቀቱንም ራሷ ያዘችልኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሰዎቹ እነማን ናቸው? እዚህኛው ላይ ቀለም አትቀቢብኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 20

ውድ ወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? የእማዬ ጉልበት ቀለል አላት? የጽጌረዳው ወረቀት ሳይጨማደድ ደረሰኝ፣ እጅህ ይባረክ። አዲስ ሸራ ጀምሬበታለሁ። አበባውን አውጥቼ ጣልኩትና በቅጠሎቹ መሀል ያለውን ክፍተት ብቻ አስቀረሁት። ክፍተቱን ጥቁር ሰማያዊ ቀባሁት። እንዲህ ያለ ሰማያዊ ሠርቼ አላውቅም።

ዙሪያውን ስዞር አውቀህብኛል። እሺ። ይህን ገጽ ለእማዬ አታንብብላት።

ሰዎቹ የባለ ሆቴሉ መሐንዲሶች ናቸው። ያ ሸራዬ ፊት የቆመው ሰውዬ ነው የላካቸው። ቤቱ የት ነው አለኝ፣ ነገርኩት። የማን ነው አለኝ፣ ነገርኩት። ምን ላድርግ? ሥዕሌን አይቶ የበቀለበትን ግድግዳ ካላየሁ ያለኝ ሰው በሕይወቴ እሱ ብቻ ነው። ልቤ ቀለጠ። የእመቤቲቱን ልጆች አፈላልጎ አገኛቸው፤ ተስማምተዋል። ቤቱን ሆቴል ሊያደርገው ነው።

ቆይ፣ አትቆጣ፣ እስከ መጨረሻው አንብበኝ። አንድ ጌጥ አይነቀልም። ሥዕሎቼን በሙሉ ወስዶ እያንዳንዱን በተቀዳበት ክፍል ሊሰቅለው ነው። ታስበዋለህ? የኔን ሥራ፣ እዚያው ቤት! እማዬንም ማንም አይነካትም። ጠይቄዋለሁ። «እናትሽማ የቤቱ ጌጥ ናቸው» ብሎኛል በአፉ።

ሥዕሎቹ ገና እኔው ጋ ናቸው፣ ለመክፈቻው ይወስዳቸዋል። ደስ ይበልህ እንጂ ወንድሜ።

እህትህ


ኅዳር 28

እህቴ፤

ሰላምታውን ልዝለለው።

እማዬ ጌጥ አይደለችም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወለል ስትወለውል የኖረች ሴትዮ ናት። ጌጥ ሲያረጅ ወይ ይቀባል ወይ ይነቀላል። በአፉ ብሎኛል ትይኛለሽ? እመቤቲቱም «እስክትሞቺ» ያሏት በአፋቸው ነበር። ልጆቻቸው ያን ቃል ሲሸጡ እንኳን ትዝ አላላቸውም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ፤ አንቺን ለመጣል ግን መጫኛም አላስፈለገ፣ ሥዕልሽ ፊት ቆም ማለት በቃ።

ለጠየቅሽኝ፣ አላነበብኩላትም። ወረቀቱን ሳጥፍ «ምን አለች?» አለችኝ። «ሰማያዊ እየቀባች ነው» አልኳት። «ሰማያዊ ደግ ነው» አለች።

አሁን አንድ ነገር ስሚኝ። ሥዕሎቹ ያሉት አንቺ ጋ ነው ብለሻል። አትስጪው። እናቴ በክፍሏ እንደምትኖር ፈርመህ ካልሰጠኸኝ አንድ ሸራ ከዚህ አይወጣም በዪው። ሰውዬው የፈለገው ሥዕሉን ነው። ያለ ሥዕሉ ይሄ ቤት ለእሱ የአይጥ ጎጆ ነው። እኔ ያለኝ መዶሻና መጋዝ ነው፤ በዚያ ባለ ሆቴል አይከለከልም። በእጅሽ ያለው ግን ይከለክለዋል።

ለራሴ ብዬ ለምኜሽ አላውቅም። አሁን እለምንሻለሁ። በእማዬ ይዤሻለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 24

ውድ ወንድም ጋሼ፤

ደብዳቤህን ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ለመመለስ የዘገየሁት ልነግርህ የሚገባኝን ስሸሽ ነው።

አልሽው ወይ ብለህ በስልክም ጠየቅከኝ። ልለው ሄጄ ነበር። ቃሉን በአፌ ይዤ ቢሮው ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ የክፍሎቹን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። በየግድግዳው የኔ ሥዕሎች በትንንሹ ተስለውበታል፤ መግቢያው ላይ ስሜ አለ። ወንድም ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሙሉ በሰው መጋዘን ጥግ ስስል እንደኖርኩ አንተም ታውቃለህ። «ይህ ምኑ ነው?» እየተባልኩ፣ እየተሳቀብኝ። የያዝኩትን ቃል ሳልናገር ወጣሁ። በማግስቱ መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። እኔም ቆሜ እያሳየሁ አስጫንኩ።

የእማዬ ክፍል በሩ አጠገብ ስለሆነ እንግዳ መቀበያ መሆን አለበት አሉ። ሌላ አማራጭ የለም ይላሉ። ሰውዬው ግን ሌላ ክፍል ፈልጎላታል። አዲስ ሕንፃ ላይ ነው፣ ምድር ቤት፣ ደረጃ የለው፣ ውሃው ከውስጥ፣ ግድግዳው አዲስ ተለስኖ የተስተካከለ። ለዓይኗም ይሻላታል። በስሟ ሆኜ እሺ ብያለሁ።

አንተ ንገራት። እኔ ብነግራት ድምፄ ያጋልጠኛል። ዕቃ ለማንሳት መምጣት ነበረብኝ፣ ሰማያዊውን ሸራ ግን ለመክፈቻው ማድረስ አለብኝ። ማረኝ አልልህም። ብቻ አንድ ነገር እየው፤ ያ ቤት ነገ ከነገ ወዲያ በራሱ ይፈርስ ነበር። ቆሞ የቀረው በኔ ሥዕል ነው።

እህትህ


የካቲት 3

ይድረስ ለክብርት ሠዓሊ፤

እንደምን ሰነበቱ? አንቱ ስልሽ ከደነገጥሽ እንድትደነግጪ ብዬ ነው። ስምሽ በር ላይ የሚጻፍ ሰው ሆነሻልና ከእንግዲህ አንቺ ማለት የሚከብደኝ መሰለኝ። ሞክሬው ግን አልወጣልኝም፤ አንቺው ነሽ።

ለጠየቅሽው፣ አዎ፣ ወጣን። ዕቃው በአንድ ጋሪ አለቀ። እማዬ ከመውጣቷ በፊት ወለሉን እጠርጋለሁ ብላ ሠራተኞቹን አስቆመቻቸው። «አቧራ ትቼ ብወጣ ምን ይሉኛል?» አለች። ቆመው ጠበቋት፤ ሌላው ቢቀር እሱን አልነፈጓትም።

አዲሱ ክፍል እንዳልሽው ነው። ውሃው ከውስጥ ነው፣ ደረጃም የለው። አራት ግድግዳ አለው፣ አራቱም አንድ። ልስኑ ከማማሩ የተነሳ እጇ ይንሸራተታል እንጂ የሚይዘው የለም። በሩን ፈልጋ ቁምሳጥኑን ትከፍታለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠፍታ አገኘኋት። መሀል ወለል ላይ ቆማ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ሰው እንዳትጣራ አፍራ። ብዙ የቆመች ይመስለኛል፤ እግሯ አብጦ ነበር።

እንጨት ልጌ በእጇ ቁመት ልክ ዙሪያውን መታሁላት። የሕንፃው ኃላፊ መጥቶ «ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታም» አለና አስነቀለኝ። ቀዳዳውን የደፈንኩትም እኔው ነኝ።

ስለ እኔ ጠየቀች ወይ ብለሻል። አንድ ጊዜ ጠይቃለች። «ልጄ ይሄን ታውቃለች?» አለችኝ። አታውቅም አልኳት። «እንኳን አላወቀች። ብታውቅ ሥራዋን ጥላ ትመጣ ነበር» አለች። ለአንቺ ብዬ እንዳልዋሸሁ እወቂልኝ። እጇን አስደግፋ የመረጠችልሽን ቅጠል ሁሉ ሳስብ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉት ነገር ያንገበግበኛል። እሷ ግን ጠጠሩን አላየችም፣ እኔም አላሳየኋትም።

ወንድምሽ


መጋቢት 22

ውድ ወንድም ጋሼ፤

የጻፍከውን ሁሉ ተቀብያለሁ። የሚገባኝን ነው የተናገርከኝ። ስንት ወረቀት ጽፌ ቀድጄ ጣልኩ።

መክፈቻው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። እማዬን ይዘህልኝ ና። መኪና እልክላችኋለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አጠገቤ አቁሜ ይህን ሁሉ የመረጠችልኝ እሷ ናት ብዬ ላመሰግናት እፈልጋለሁ። ጋዜጠኞችም አሉ። ለራሴ እንዳይመስልህ፤ ለእሷ ነው። ቤቱንም ስታየው፣ ስትዳስሰው ማለቴ ነው፣ ምንም እንዳልተለወጠ ታውቃለች። አንድ ቅጠል አልተነካም፣ ራሴ ዞሬ አይቻለሁ። ሰማያዊው ሸራ ክፍሏ ውስጥ፣ አልጋዋ በነበረበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሠራሁት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

እባክህ አትቅርብኝ። እሷን ካላየሁ ያ ሁሉ ጭብጨባ ምን ያደርግልኛል?

እህትህ


ሚያዝያ 19

እህቴ፤

ንግግሬ ሳያልቅ ለምን ወጣችሁ ብለሽ በብስጭት ጽፈሽልኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ንግግርሽ ከመጀመሩም በፊት ነው የወጣነው። አንቺ ላይኛው ሳሎን ከእንግዶችሽ ጋር ነበርሽ።

እማዬ ጠዋቱን ሙሉ ስትታጠብ ነው ያረፈደችው። ጥፍሯን አስቆረጠችኝ። «ሰው ፊት ልታቆመኝ ነው አሉ» እያለች እንደ ሙሽራ ትቁነጠነጥ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ለቀቀችው። ከዚያ ቤት ከወጣች ወዲህ ቀጥ ብላ ስትራመድ ያየኋት ያን ቀን ነው። መቃኑን ያዘች፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ጌጡን እየዳሰሰች በዚያ ሁሉ የለበሰ ሰው መሀል መንገዷን አሳብራ ሄደች። ሰዎቹ ዞር እያሉ ያሳልፏታል። እኔ ከኋላዋ ስከተል፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማላለቅስ ሰው፣ ዓይኔን መጥረግ ጀመርኩ።

ክፍሏ ገባች። በቀጥታ ወደ አልጋዋ ቦታ። እጇን ዘረጋች። ጌጡን አላገኘችም፣ ሸራሽን አገኘች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ።

«የልጅሽ ሥዕል ነው» አልኳት። «ሰማያዊው።»

ሁለት እጇን አደረገችበት። ቀለሙን የደራረብሽበትን፣ የከመርሽበትን ቦታ በጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች ትከተለዋለች። ፊቷን ብታዪው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። ያነበበችው መሰለኝ። «ይሄኔ ደክሟት ነበር» አለች አንዱ ቦታ ላይ። «እዚህ ጋ ግን ደስ ብሏት ነው።»

ጥበቃው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥራው ነው። ድምፁንም አላነሳም። «እማማ፣ አይነካም» አላት።

እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። በቀሚሷ ጠረገችው። «ይቅር በለኝ ልጄ» አለችው። «የሰው ቤት መሆኑን ዘንግቼ ነው።»

የሠዓሊዋ እናት ናት ልለው አፌን ስከፍት እጄን ጨመቀችኝ። «እንሂድ» አለች። ስንመለስ ግድግዳውን አልነካችም። ክንዴን ይዛ፣ እዚያው ዕድሜዋን በፈጀችበት ቤት ውስጥ እየተደናቀፈች ወጣች።

ከዚያ ወዲህ አዲሱ ክፍል ውስጥም አትዳስስም። እኔ እስክመጣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ተነሽ ስላት ትነሳለች፣ ተቀመጪ ስላት ትቀመጣለች።

ተቀይማኛለች ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የነገረችኝን ልጻፍልሽ፣ ከዚያ አንቺ ፍረጂ። ያን ቀን ቤት እንደገባን፣ «አይታኝ ተቆጥታ ይሆን?» አለችኝ። አላየችሽም አልኳት። «ቢሆንም ጻፍላት» አለችኝ። «እጄን ታጥቤ ነበር፣ ሥዕሏን አላበላሸሁባትም ብለህ ጻፍላት።»

ይኸው ጻፍኩልሽ።